ቤንጃሚን ፍራንክሊን፥ ጢስን የመረመረ ሰው

በኦሞ ወንዝ ዳር በዱስ መንደር እናት በጎጆዋ ውስጥ ድስት ጥዳ እሳት ስታነድ፥ ጢሱ መውጫ መንገድ አጥቶ በቤቱ ውስጥ ይዞራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሣሩ ክዳን መካከል እየሾለከ ይወጣል፤ እስከዚያው ግን የእናቲቱ ዓይን ያለቅሳል፥ በጀርባዋ ያዘለችውም ሕፃን ያስላል። ከጂንካ በላይ ባለው በአሪ ደጋ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ፥ ሰው እሳቱን ከብቦ ሲቀመጥ ፊቱ ይሞቃል፥ ጀርባው ግን ይበርደዋል። እውነት ነው፥ ጢስ ጥቅም አለው፤ የሣሩን ክዳን ያደርቃል፥ ተባይንም ያባርራል። ነገር ግን ጥቅሙን ለጣራው ሰጥቶ ጉዳቱን ለሰው ዓይንና ለሰው ሳንባ ይተዋል።

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ብቻ ያለ አይደለም። ግድግዳቸውን በጡብ የሚሠሩ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎችም ከጢስ ጋር ብዙ ዘመን ታግለዋል። ከታገሉትም አንዱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰው የሚያውቀው የመብረቅን ነገር በመመርመሩና አሜሪካን ነጻ ካወጡት ታላላቅ ሰዎች አንዱ በመሆኑ ነው። እርሱ ግን መብረቅን ከመመርመሩ አስቀድሞ ምድጃንና የጢስ መውጫን መርምሮ ነበር፤ እስከ ሽምግልናውም ድረስ ይህን ምርመራ አልተወውም።

ፍራንክሊን በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በ1706 ዓመት ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ የከብት ስብ እያቀለጠ ሻማና ሳሙና የሚሠራ ሰው ነበረ፤ የመጀመሪያይቱ ሚስቱ ስለ ሞተች ሁለተኛ አግብቶ ከሁለቱ 17 ልጆች ወለደ። ከወንዶቹ ሁሉ የመጨረሻው ቤንጃሚን ነበረ። ቤንጃሚን ማለት ብንያም ማለት ነው፤ የያዕቆብም የመጨረሻ ልጅ ስሙ ይኸው ነበረ። ልጁ በትምህርት ቤት የቈየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። 10 ዓመት ሲሆነው አባቱ ከትምህርት አውጥቶ የሻማ ክር እንዲቈርጥና ስብ እንዲያቀልጥ አደረገው። ልጁ ግን የስቡን ሽታ ጠላ። ስለዚህ በ12 ዓመቱ የማተሚያ ቤት ለነበረው ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ ሙያ እንዲማር ተሰጠ። በዚያም ቀን ፊደል ይለቅማል፥ ሌሊት የተዋሰውን መጽሐፍ ያነባል፤ ሊነጋ ሲል አንብቦ ይጨርስና ለባለቤቱ ይመልሳል።

ወንድሙ ቍጡ ነበረና ይመታው ነበር። ፍራንክሊንም በ17 ዓመቱ የሙያውን ውል ሳይፈጽም ተደብቆ ኰበለለ፤ ውሉን ስለ ማፍረሱም በኋላ ከሕይወቱ ስሕተቶች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። በ1723 ዓመት ፊላዴልፊያ ከተማ በደረሰ ጊዜ ልብሱ አድፎ ነበር፥ በኪሱም ያለው ገንዘብ ጥቂት ነበረ። ሦስት ትልልቅ ዳቦ ገዝቶ አንዱን በመንገድ እየሄደ በላ፥ ሁለቱን አብራው በጀልባ ለመጣች አንዲት ሴትና ለልጇ ሰጠ። ከብዙ ድካም በኋላም የራሱን ማተሚያ ቤት አቆመ፥ ጋዜጣም ማተም ጀመረ።

በዚያ ዘመን በፊላዴልፊያ ቤቶች እጅግ ተቀራርበው ስለ ተሠሩ፥ አንድ ቤት ሲቃጠል ጎረቤቱም አብሮ ይቃጠል ነበር። የእሳቱም መነሻ ብዙ ጊዜ የጢስ መውጫው ነው። እንጨት ሲነድ ጥቀርሻ በጢስ መውጫው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሳይጠረግ ብዙ ወር ከቈየም አንድ ቀን ራሱ በእሳት ይያያዛል፥ ነበልባሉም በጣራው ላይ ይወጣል። ፍራንክሊን በ1735 ዓመት በጋዜጣው ላይ ስለዚህ ነገር ምክር ጻፈ። ሰዎች ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ፍም በአካፋ ገልጠው እንዳይወስዱ፥ ክዳን ባለው ዕቃ እንዲወስዱ መከረ፤ ከአካፋው የወደቀ ፍም በደረጃው ሥር ተሸሽጎ ቈይቶ በእኩለ ሌሊት ቤቱን ያቃጥላልና። ደግሞ የጢስ መውጫ የሚጠርጉ ሰዎች ፈቃድ እንዲቀበሉ፥ የጠረጉትም የጢስ መውጫ በ15 ቀን ውስጥ በእሳት ቢያያዝ መቀጮውን እንዲከፍሉ አሳሰበ። በሚከተለውም ዓመት እሳት የሚያጠፉ ሰዎችን ማኅበር አቋቋመ። እያንዳንዱ ማኅበርተኛ የቆዳ ባልዲና ዕቃ ማዳኛ ከረጢት በቤቱ እንዲያኖር ተስማሙ።

ከእሳቱ ሌላ ደግሞ የማገዶ ችግር መጣ። የቀድሞ ሰዎች እንጨት ከደጃፋቸው ይቈርጡ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በከተሞቹ ዙሪያ ያለው ዱር አልቆ፥ ለአንዳንዱ ከተማ ማገዶ ከ100 ማይል ያህል ርቀት ይመጣ ነበር። ይህም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሀ በክረምት ከብርድና ከረኃብ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት። እንዲህ ያለው መከራ አዲስ አበባንም አግኝቷት ነበር። ከተማይቱ በ1886 ዓመት ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ዱር ተጨፍጭፎ ስላለቀ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ባይበቅል ኖሮ ምናልባት ከተማይቱ ትፈታ ነበር።

ፊላዴልፊያ ግን ባሕር ዛፍ አልነበራትም። ፍራንክሊንም ማገዶው የሚባክንበትን ምክንያት ለማወቅ የቤቱን ምድጃ ይመለከት ጀመር። በዚያ አገር ምድጃ የሚሠራው ከግድግዳው ውስጥ እንደ ትልቅ መስኰት ተቦርቡሮ ነው፤ ከበላዩም የጢስ መውጫው እንደ ጕድጓድ እስከ ጣራው ድረስ ይዘልቃል። እሳቱ ሲነድ ከእሳቱ በላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይሮጣል፤ በስፍራውም የቤቱ አየር ይተካል፥ እርሱም ሞቆ ይወጣል። ወዲያው በበርና በመስኰት ስንጥቅ ከውጭ ብርድ ይገባል። እንግዲህ ሰውየው እንጨት በጨመረ መጠን ሙቀቱ ለሰማይ፥ ብርዱ ለቤት ሆነ። ጀርመኖችና ሆላንዶች ሁሉ ነገሩ የተዘጋ የብረት ምድጃ ነበራቸው፤ ይህም ቤቱን በደኅና ያሞቃል፥ ነገር ግን እሳቱ አይታይም፥ የቤቱም አየር አይታደስም። ፍራንክሊን እሳቱን እያየ መሞቅ ፈለገ።

ስለዚህ በ1742 ዓመት ገደማ አዲስ ምድጃ አሰበ። ይህ ምድጃ ብቻውን የሚቆም አይደለም፤ ቀድሞ በተሠራው ምድጃ ውስጥ የሚገባ የብረት ሣጥን ነው። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ላይ ይፈስሳል፥ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል፤ ጠፍጣፋዎቹም ተገጣጥመው ሣጥን ይሆናሉ። ፊቱ ክፍት ነው። ከእሳቱ በስተኋላ ሌላ ቀጭን ሣጥን ቆሟል፤ በውስጡም እንደ መደርደሪያ ያሉ ብረቶች አሉ። ከወለሉ በታች በተቈፈረ ቦይ ንጹሕ አየር ከውጭ ወደዚህ ቀጭን ሣጥን ይገባል፥ በብረቶቹ መካከል እየተጠማዘዘ ይሞቃል፥ በጎንና በጎን ባሉት ቀዳዳዎችም ወደ ቤቱ ይወጣል። ጢሱ ግን ከዚህ አየር ጋር አይገናኝም። ጢሱ በቀጭኑ ሣጥን ላይ አልፎ በስተኋላው ወደ ታች ይወርዳል፥ ከዚያም በወለሉ አጠገብ ዞሮ ወደ ጢስ መውጫው ይገባል። ፍራንክሊን እንዲህ ያደረገው ጢሱ ሙቀቱን ይዞ እንዳይሸሽ፥ ሳይወድ በግድ ለብረቱ ትቶ እንዲሄድ ነው።

ብረቱን መሥራት ብቻ አይበቃም፤ ከአሮጌው የጢስ መውጫ ጋር በሚገባ መግጠም አለበት። ፍራንክሊን በ1744 ዓመት ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ይህን ለግንበኛ ሁሉ አስረድቷል። አስቀድሞ ከምድጃው እውነተኛ ጀርባ አንድ ጋት የሚያህል ራቅ ብሎ ሁለተኛ የጡብ ጀርባ ይገነባል፤ ጢሱ በሁለቱ ግንብ መካከል ይወጣል። ከዚያም ከሁለተኛው ጀርባ ራስ እስከ ምድጃው ግንባር ድረስ ያለው ክፍተት በሙሉ ይዘጋል። ይህ መዝጊያ ዋና ነገር ነው፤ ጥቂት ስንጥቅ እንኳ ቢተውበት የቤቱ ሙቀት በዚያ ያመልጣልና። በመዝጊያው ላይ ግን ጠራጊው የሚገባበት ትንሽ በር ይተዋል። ይህች በር ስትከፈት ወደ ኋላ ዞራ በሁለቱ ግንብ መካከል ያለውን ቀዳዳ ትደፍናለች፥ የሚወርደውም ጥቀርሻ ወደ ብረቱ ጀርባ ሳይገባ በምድጃው ፊት ይፈስሳል። አንዲት ትንሽ በር ሁለት ሥራ እንድትሠራ ማሰብ የትልቅ አስተዋይ ሥራ ነው።

ፍራንክሊን በገዛ ቤቱ እንደ ፈተነው፥ ክፍሉ ከቀድሞው ይልቅ እጥፍ ይሞቅ ጀመር፤ የሚፈጀውም እንጨት ከቀድሞው አንድ አራተኛው ብቻ ሆነ። የምድጃውንም ምሳሌ የብረት ማቅለጫ ለነበረው ለወዳጁ ለሮበርት ግሬስ በስጦታ ሰጠው፤ ጠፍጣፋዎቹንም ግሬስ እያፈሰሰ ሸጠ። የፔንሲልቫንያ አገረ ገዥ ቶማስ ሥራውን አይቶ ስለ ተደሰተ፥ ለተወሰነ ዓመት ያህል ከፍራንክሊን በቀር ማንም እንዳይሸጠው ሊያዝለት ፈቀደ። ፍራንክሊን ግን አልተቀበለም። ሰው ሌሎች ባሰቡት ነገር ሳይከፍል ስለሚጠቀም፥ እርሱም ያሰበውን ለሌሎች በነጻ ሊሰጥ ይገባዋል ብሎ ያምን ነበር። በለንደን የነበረ አንድ ብረት ነጋዴ ግን መጽሐፉን አንብቦ፥ በምድጃው ላይ ጥቂት ነገር ለወጠበት፥ ለውጡም አበላሸው እንጂ አላሻሻለውም፤ ከዚያ በኋላ የብቻ መብት አውጥቶ ሀብት አገኘ። ፍራንክሊን ይህን ሰምቶ አልከሰሰውም።

ይሁን እንጂ የፍራንክሊን ምድጃ ያለ ነቀፋ አልነበረም። ጢስ በጠባዩ ከሞቀ አየር ጋር ወደ ላይ መውጣት እንጂ ወደ ታች መውረድ አይወድም። የጢስ መውጫው ሞቆ ሳለ ነገሩ ይሆናል፤ እሳቱ ሲደክምና ግንቡ ሲቀዘቅዝ ግን ጢሱ የተሠራለትን ቍልቍለት ትቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ምድጃውን የገዙ ሰዎች ብዙ አልነበሩም፤ ከገዙትም አንዳንዶቹ አማረሩ።

ከዚህ በኋላ ፍራንክሊን ወደ ኤሌክትሪክ ምርመራ አዘነበለ፤ በ1752 ዓመት በነጐድጓድ ጊዜ ወረቀት መሰል የሐር ጨርቅ በገመድ ወደ ሰማይ ሰድዶ የመብረቅ ኀይል ኤሌክትሪክ መሆኑን አስረዳ። በ1757 ዓመት ስለ አገሩ ጉዳይ ወደ ለንደን ተላከ። በለንደንም የሚነደው የድንጋይ ከሰል ሆኖ አገኘውና እንደገና ስለ ምድጃ ማሰብ ጀመረ። በተቀመጠበት ቤት በጢስ መውጫው አፍ ላይ የሚሳብና የሚገፋ የብረት መዝጊያ አደረገ፤ እሳቱ ደኅና አድርጎ ከተያያዘ በኋላ መዝጊያው ተገፍቶ ለጢሱ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ነገሩ ቀላል ነው፥ ዋጋውም ትንሽ ነው፤ ከትልቁ ምድጃ ይልቅ ይህ ሳይሻል አልቀረም።

አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ ፍራንክሊን በፈረንሳይ አገር መልእክተኛ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀመጠ። በ1785 ዓመት ወደ አገሩ ሲመለስ ዕድሜው 79 ነበረ። በመርከብ ሳለ ግን ሥራ አልፈታም፤ ኢንገንሁስ ለሚባል ሐኪም ወዳጁ ስለሚያጨሱ የጢስ መውጫዎች ረዥም ደብዳቤ ጻፈ። በዚያም ጢስ በራሱ ከአየር የከበደ መሆኑን፥ ወደ ላይ የሚወጣውም የሞቀው አየር ስለሚሸከመው ብቻ መሆኑን ገለጠ። ጢስ ቤትን የሚሞላበትንም ዘጠኝ ምክንያት አስረዳ። የመጀመሪያው ምክንያት ቤቱ ስንጥቅ የሌለው መሆኑ ነው፤ አየር ካልገባ ጢስም አይወጣም። ይህን ለማወቅ በሩን መክፈት ይበቃል። በሩ ሲከፈት ጢሱ በደንብ ከወጣ፥ በሩን ቀስ በቀስ እየዘጉ ጢሱ ወደ ቤት መመለስ በሚጀምርበት ላይ ማቆም ነው። የቀረው ክፍተት ስፋቱ ግማሽ ኢንች፥ የበሩም ቁመት 8 ጫማ፥ ማለት 96 ኢንች ቢሆን፥ ያ ቤት 48 ካሬ ኢንች የሚሆን የአየር መግቢያ ያስፈልገዋል። የሒሳብ ትምህርት ለጢስም ይጠቅማል።

በዚያው ደብዳቤ ፍራንክሊን በለንደን ስለ ተቀመጠበት አንድ ቤት ተረከ። በአንዲት ትንሽ ክፍል ያለው ምድጃ አፉ ጠባብ ሆኖ ሳለ ጢሱን አልወስድ አለ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጠፋበት። በኋላ ግን ከበላይ ያለው ክፍል፥ ምድጃ ሳይኖረው፥ ከታች እሳት በተያያዘ ቍጥር በጢስ እንደሚሞላ አስተዋለ። የግድግዳውን የእንጨት ልባስ አስነቀለና ተመለከተ። ከልባሱ በስተኋላ የሚያልፈው የጢስ መውጫ ብዙ ጫማ በሚሆን ርዝመት ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁም የሰው ክንድ ያስገባል። ቤቱ በአንድ ወገን መሬት ውስጥ ስለ ሰመጠ ግንቡ ተላቆ ነበር። እሳቱ ጥቂት ቢበረታ ኖሮ ነበልባሉ በስንጥቁ ወጥቶ እንጨቱን ይይዝ ነበርና፥ በበላይ የሚተኛ ሰው በእንቅልፉ ይሞት ነበር። ባለቤቱ ግን የተሰነጠቀውን ከማሠራት ምድጃውን መድፈን መረጠ።

በዛሬ ጊዜ ለእንዲህ ያለው አሮጌ የጢስ መውጫ ሌላ መድኀኒት አለው። መስተዋት በር ያለው የተዘጋ የብረት ምድጃ በአሮጌው ምድጃ ውስጥ ይገባል። አስቀድሞም የጢስ መውጫው ጥቀርሻው እስኪያልቅ ይጠረጋል። ከዚያም ሠራተኞች ጣራ ላይ ወጥተው የማይዝግ ብረት ቧንቧ ከላይ እስከ ታች ያወርዱና ከምድጃው ራስ ጋር ያያይዙታል። ጢሱም በቧንቧው ውስጥ ብቻ ስለሚሄድ የግንቡን ስንጥቅ አያገኘውም። የቧንቧው ስፋት ከምድጃው ቀዳዳ ጋር መስማማት አለበት፤ እጅግ የሰፋ እንደ ሆነ ጢሱ በመንገድ ይቀዘቅዝና ይሰንፋል። በቧንቧውና በግንቡ መካከል ያለው ክፍተትም በብረት ይከደናል። ፍራንክሊን በ1744 ዓመት በጡብና በጭቃ ያዘጋው ያ ክፍተት ይኸው ነው። በጣራው ላይ ያለው የቧንቧ አፍ ደግሞ ክዳንና ወንፊት ይደረግበታል፤ ይህም ዝናብና ወፍ እንዳይገባበት ነው።

የወፍ ነገር ከተነሣ፥ በፍራንክሊን ላይ የደረሰውን መተረክ ይገባል። ከለንደን ውጭ የሚኖር አንድ ወዳጁ ከክፍሎቹ ሁሉ በሚያምረው ክፍል እሳት ማንደድ አልቻለም ነበር። ፍራንክሊን በዚህ ሙያ የታወቀ ስለ ነበረ ምክንያቱን በቶሎ አገኛለሁ ብሎ አሰበ። እሳት አስነደደ፤ ጢሱ በሙሉ ወደ ክፍሉ ወጣ። በሩን ከፈተ፤ አልተሻለም፥ ስለዚህ የአየር ማነስ አይደለም። የምድጃውን አፍ ለጊዜው አጠበበ፤ አልተሻለም፥ ስለዚህ የአፉ ስፋት አይደለም። ወደ ውጭ ወጥቶ የጢስ መውጫውን ራስ ተመለከተ፤ ከአጠገቡ ያሉት፥ ከእርሱ የሚያጥሩት እንኳ፥ በደንብ ያጨሳሉ። የሚያውቀውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ፍራንክሊን ዕውቀቱ እንዳልበቃ ለወዳጁ ተናገረ። ወዳጁ የዚህ ዓይነት ዕውቀት አለኝ የማይል ሰው ነበረ። አንድ ቀን መሰላል ይዞ ጣራው ላይ ወጣና በቀዳዳው ወደ ታች ተመለከተ። ውስጡ ጭራሮና ገለባ ሞልቶበታል፤ በጭቃ ተለጥፏል፥ ላባም ተነጥፎበታል። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ሰው ሳይገባበት ጥቂት ዓመት ስለ ቈየ ትልልቅ ወፎች ጎጆ ሠርተውበት ነበር። ያ ሁሉ ጕድፍ ወጥቶ ሲጠረግ ምድጃው ያለ ችግር ነደደ። ይህ ታሪክ የታወቀው ፍራንክሊን ራሱ ስለ ጻፈው ነው፤ ሊሸሽገው ይችል ነበር።

ፍራንክሊን ፊላዴልፊያ ከደረሰ በኋላ የኖረው አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በወጣትነቱና በጕልምስናው ዘመን ባሪያዎች ነበሩት፥ በጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያትም ነበር። ከጌታው ኰብልሎ የመጣ ልጅ ይህን ማድረጉ ያሳዝናል። በሽምግልናው ግን ልቡ ተመለሰ፤ በ1787 ዓመት የባሪያ ፍንገላን የሚቃወም ማኅበር አለቃ ሆነ፥ በ1790 ዓመት የካቲትም ባርነት እንዲቀር ለአገሩ ምክር ቤት አቤቱታ ፈርሞ ላከ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ 17 ቀን በ84 ዓመቱ ሞተ።

ምድጃውን ሌሎች አሻሻሉት። ዴቪድ ሪትንሃውስ የሚባል የፊላዴልፊያ ሰው፥ የከዋክብት መርማሪና ሰዓት ሠሪ፥ ጢሱ ወደ ታች መውረዱን ትቶ በቆልማማ ቧንቧ በቀጥታ ወደ ጢስ መውጫው እንዲወጣ አደረገው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች ገዙት። ፍራንክሊን ከሁሉ አብልጦ የደከመበት ቀጭኑ የአየር ሣጥንም ቀረ። በአሜሪካ ቤቶች የፍራንክሊን ምድጃ እየተባለ የሚጠራው ፊቱ ክፍት የሆነ የብረት ምድጃ ይኸው ነው፤ ስሙ የፍራንክሊን፥ የጢሱ መንገድ ግን የሪትንሃውስ ነው።